የአማርኛ ስም ያላቸውን ፋይሎች በፓይተን ማደራጀት፦ ከደብረ ብርሃን የሥራ ተሞክሮ

የምሠራው ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የሥራ ድርሻዬ የኮምፒዩተርና የመረጃ ጉዳይ ሲሆን፣ ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የሚላኩ ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎች፣ ሪፖርቶችና የግለሰብ ማህደሮች በየወረዳቸውና በየበጀት ዓመታቸው ተለይተው እንዲቀመጡ ማድረግም የእኔው ኃላፊነት ነው። ፋይሎቹ ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከምንጃር ሸንኮራ፣ ከሞረትና ጅሩ በፍላሽ፣ በኢሜይልና በቴሌግራም ይመጣሉ። አንዱ ወረዳ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አጭቆ ሲልክ ሌላው ለእያንዳንዷ ደብዳቤ አንድ ፎልደር ይከፍታል። ይህን በማውዝ እየጎተቱ መለየት የማይዘለቅ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሥራውን የሚያከናውን ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ እስከ ዛሬ እየተጠቀምኩበት ነው።

ፋይል የሚያንቀሳቅሱት፣ ፎልደር የሚፈጥሩትና ዝርዝር የሚያወጡት የፓይተን ትእዛዞች ጥቂት ናቸው፤ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ቢያነባቸው ፈጥኖ ይለምዳቸዋል። አድካሚው ክፍል ሌላ ነው። ስሞቻችን፣ አሕጽሮቶቻችን፣ የቀን አጻጻፋችንና ሞክሼ ፊደላቶቻችን ኮምፒዩተሩ ለራሱ ሥራ ከያዛቸው ምልክቶችና ከሚያውቀው የዘመን አቆጣጠር ጋር በየደረጃው ይጋጫሉ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ማስተማሪያዎች ይህን አያነሡም፤ ለጸሐፊዎቻቸው ችግሩ ስለሌለባቸው ሊያነሡትም አይጠበቅባቸውም። ስለዚህ በየትም ቦታ የሚገኘውን ትምህርት በአጭሩ አልፌ፣ የአማርኛ ፋይል የሚያደራጅ ሰው ሊገጥመው በሚችለው ላይ አተኩራለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ዋና ዋናዎቹ የፓይተን ሞጁሎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የሚገኙ የትእዛዝ ስብስቦች፣ ኦኤስ፣ ሹቲልና ፓዝሊብ ይባላሉ። ፓዝሊብ በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 3.4 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ የፋይሉን አድራሻ፣ ማለትም ፓዙን፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ስሙና ያለበት ፎልደር ተለያይተው ሊጠየቁ የሚችሉ አድርጎ ስለሚይዘው ጀማሪ ሁሉ በእርሱ ቢጀምር ይሻለዋል። ሌላው ጥቅሙ በዊንዶውስ የተጻፈው ኮድ ሊኑክስ የተባለው ሲስተም በተጫነበት ሰርቨር (የጋራ ማስቀመጫ ኮምፒዩተር) ላይም መሥራቱ ነው። በዊንዶውስ ፓዝን በተራ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ወደ ኋላ ያዘነበለው እዝባር (\) ከተከታዩ ፊደል ጋር ተጣምሮ የአዲስ መስመር ወይም የታብ ምልክት እንደሚሆንበት ማወቅ አለበት፤ ወደ ፊት ያዘነበለውን እዝባር (/) ቢጽፍ ግን ፓይተን በዊንዶውስም ላይ ያለ ችግር ይሠራበታል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ይኸው እዝባር ነው። በአማርኛ ጽሑፍ እዝባር የአሕጽሮት ምልክት ነው፤ ገ/ማርያም፣ ኃ/ሚካኤል፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት እንላለን። ለኮምፒዩተሩ ግን እዝባር አንዱን ፎልደር ከሌላው የሚለይ ምልክት ስለሆነ በፋይል ስም ውስጥ ሊገባ አይችልም። ፋይሉን በእጅ የሚሰይመው ሰው ይህን ከሥራ ስለሚያውቀው ጭረት ወይም ነጥብ ያደርግበታል። ችግሩ የሚመጣው ፕሮግራሙ ስሙን ከኤክሴል መዝገብ እያነበበ ፋይሉን ሲሰይም ነው፤ ኤክሴል እዝባርን ያለ ችግር ይቀበላልና። በመዝገቡ ላይ «ገ/ማርያም» የተባለው ሰው ማህደር ሲዘጋጅ ፕሮግራሙ «ገ» የሚባል ፎልደር ያስባል፣ በውስጡም «ማርያም» የሚባል ፋይል። የደብዳቤ ቁጥሮችማ የባሱ ናቸው፤ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለትና ሦስት እዝባር ስለሚኖር አንዱ ደብዳቤ በፎልደር ውስጥ ፎልደር እየሆነ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ፎልደር የሚፈጥረው ኤምኬዲር የተባለው ትእዛዝ ያለውን አንድ ምርጫ ማወቅ ይጠቅማል። ፓሬንትስ የሚባለው ምርጫ ሲበራ በመሐል የጎደሉትን ፎልደሮች ሁሉ ሳይጠይቅ ይፈጥራል። ብዙ ማስተማሪያ ይህን ሁልጊዜ አብሩት ይላል፤ እኔ ግን ለወረዳውና ለዓመቱ ፎልደር ብቻ አበራዋለሁ። ከዚያ በታች ላለው ጠፍቶ ሲቀር፣ እዝባር ያለበት ስም በመጣ ጊዜ ፕሮግራሙ የተባለው ፎልደር የለም ብሎ ይቆማል። ምርጫው በርቶ ቢሆን ኖሮ ግን «ገ»፣ «ኃ»፣ «ወ» የሚባሉ ፎልደሮች ማንም ሳያያቸው ይፈለፈሉ ነበር።

እዝባሩን በምን እንተካው የሚለው ደግሞ የኮምፒዩተር ጥያቄ ብቻ አይደለም። አሕጽሮቱን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲፈታው፣ ማለትም «ተ/» ባለ ቁጥር «ተክለ» እንዲል ማድረግ አሳምሮ ይቻላል። ሐሳቡን ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሳቀርብላቸው፣ «እትዬ፣ ሁሉንም ሙሉ ስም ባደርገው ለፍለጋ አይመችዎትም?» ብዬ ነበር። እርሳቸውም፣ «ኧረ ልጄ፣ ተ/ማርያምን ተክለ ማርያም ነው ያለህ ማን ነው? ተስፋ ማርያም ቢሆንስ? የሰውዬውን ማህደር ገልጬ ሳላይ እኔም አልፈታው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወ/ጊዮርጊስ የሚለውም ለወንድ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ለሴት ወለተ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እዝባሩን በጭረት ብቻ ይተካል፣ ከዚያ አያልፍም። ይህን የሚያደርገው አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ እየተጠራ የሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል ሲሆን፣ ከኤክሴልም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ ማንኛውም ስም ወደ ፓዝ ከመለወጡ በፊት በእርሱ ውስጥ ያልፋል። ዊንዶውስ የማይቀበላቸውን ሌሎች ምልክቶች፣ እነ ጥያቄ ምልክትን፣ ኮከብንና የእንግሊዝኛውን ትምህርተ ጥቅስ፣ የሚያነሣውም ይኸው ነው። የእኛ ሁለት ነጥብ በራሱ ምንም ችግር የለበትም፤ አንዳንድ ጸሐፊ ግን በእርሱ ቦታ የእንግሊዝኛውን ኮለን ይመታል፣ ለዓይን ቢመሳሰሉም ኮለኑን ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይፈቅደውም።

ከእዝባር ቀጥሎ ነጥብ ይመጣል። ፓዝሊብ የፋይልን ዓይነት የሚያውቀው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን በማየት ነው። «የስብሰባ ቃለ ጉባኤ 2015 ዓ.ም» ተብሎ የተሰየመን ፎልደር ወይም ዓይነቱ ያልተጻፈበትን ፋይል ዓይነትህ ምንድን ነው ብትሉት «.ም» ብሎ ይመልሳል። ዓይነቱን ወደ ፒዲኤፍ ለውጥ ቢባልም «ም»ን ቆርጦ ጥሎ «ዓ.ፒዲኤፍ» ያደርገዋል፤ ስሙ ተበላሸ ማለት ነው። በእኛ አገር ሰነድ ላይ ዓ.ም የማይገባበት ስም ጥቂት ስለሆነ፣ የምቀበላቸውን የፋይል ዓይነቶች፣ ማለትም ፒዲኤፍን፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን እንዲሁም የፎቶ ዓይነቶችን፣ በዝርዝር ጽፌ ፕሮግራሙ ከዚያ ውጭ የሆነውን የስሙ አካል አድርጎ እንዲተወው አድርጌአለሁ። ሌላም አለ፤ ዊንዶውስ በፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ያለን ነጥብ አይጠብቅም። «2015 ዓ.ም.» ብላችሁ የፈጠራችሁት ፎልደር የመጨረሻው ነጥብ ወድቆ «2015 ዓ.ም» ሆኖ ይገኛል። ሊኑክስ ግን ሁለቱንም ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፣ ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ሁለት መንትያ ፎልደሮች ይፈጠራሉ። ከፎልደር ስም ላይ ዓ.ም የሚለውን ጨርሶ ማውጣቱን መርጫለሁ፤ 2015 ብቻ ቢባል የማይገባው ሰው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የለም።

የወረዳዎቹን ስም በተመለከተ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የአጻጻፍ ልዩነት ነው። መርሐቤቴ፣ መርሃቤቴ፣ መራቤቴ፤ ሞረትና ጅሩ፣ ሞረትና ጂሩ፤ ጣርማ በር፣ ጣርማበር፣ ታርማ በር። አንባቢ ሁሉንም አንድ ብሎ ያልፋቸዋል፣ ኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱን የተለየ ወረዳ አድርጎ ፎልደር ይከፍትለታል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ነው) ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ በድምፅ አንድ መሆናቸውን ኮምፒዩተሩ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

መፍትሔው ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ስም መሥራት ነው። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ሞክሼ ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ስለተደረደረ፣ የሐን ቤት ወደ ሀ፣ የሠን ወደ ሰ ለመመለስ ሰባቱንም ፊደል በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ የቤቱን መነሻ ቁጥር ሰጥቶ ሰባት ጊዜ የሚዞር ትእዛዝ ሰንጠረዡን ራሱ ይሠራዋል። በዚህ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳል፣ ባዶ ቦታና ጭረትም ይወጣል። ከዚህ በኋላ መርሐቤቴና መርሃቤቴ አንድ ይሆናሉ፣ ጣርማ በርና ጣርማበርም እንደዚሁ። መራቤቴ፣ ጂሩና ታርማ በር ግን በፊደል ሞክሼነት የሚፈቱ ስላልሆኑ በትንሽ መዝገበ ስም ለብቻ መመዝገብ አለባቸው። ዲፍሊብ የሚባለው ሞጁል የሚቀራረቡ ስሞችን ፈልጎ ያቀርባል፤ ሐሳብ እንዲያቀርብ እንጂ እንዲወስን ግን አልፈቅድለትም፤ መንዝ ማማ ምድርንና መንዝ ላሎ ምድርን የመሳሰሉ በፊደል የሚቀራረቡ ግን የተለያዩ ወረዳዎች አሉና። ፕሮግራሙ ያላወቀው ሁሉ «ያልተለየ» ወደሚባል ፎልደር ገብቶ የሰው ዓይን ይጠብቃል። የማነጻጸሪያውን ስም የፋይሉ ስም አድርጎ ማስቀመጥም አይገባም፤ ሰው ስሙን በሠ ከጻፈ በሠ ይቀመጥለታል።

ቀኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ ቀን ሲያይ እጁ የሚሄደው ዴትታይም ወደሚባለው ሞጁል ነው። ይህ ሞጁል የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2015ን በቁጥር ለውጣችሁ ብትሰጡት ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ መስሎት እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜንንማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ከነጭራሹ አይቀበላትም። ስህተት ብሎ መመለሱ ደግሞ ደግ ነው። የሚያሳስበው ሳይቃወም የሚቀበለው ነው፤ መስከረም 10ን ጃንዋሪ 10 ብሎ ተቀብሎ በሁለት ቀናት መካከል ያለውን ልዩነት በተሳሳተ ሒሳብ ያወጣል። ፋይል ለማደራጀት የቀን ስሌት ስለማያስፈልግ፣ ቀኑን በጽሑፍነቱ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል 2015-02-30 አድርጎ መያዝ ይበቃል። አንድ አሃዝ ላላቸው ወሮችና ቀኖች ዜሮ መጨመር ግዴታ ነው፤ ያለዚያ 10ኛው ወር ከ2ኛው ይቀድማል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍም ለድርድር አይመችም፤ በፊደል ተራ ሐምሌ አንደኛ ይሆናል፣ መጋቢት መስከረምን ተከትሎ ይመጣል።

ፎልደሩ የሚከፈተው በበጀት ዓመት ከሆነ አንድ ደንብ መጨመር ያስፈልጋል። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ በነሐሴ 2015 የተጻፈ ሪፖርት የ2016 በጀት ዓመት ነው። ወሩ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዓመቱ ላይ አንድ ይደመራል፣ ጳጉሜንም በዚሁ ትጠቃለላለች። ኮምፒዩተሩ ፋይሉ የተለወጠበት ብሎ የሚያሳየውን ቀን ለዚህ ሥራ መጠቀም አይገባም፤ እርሱ ስካን የተደረገበት ወይም ወደ ፍላሽ የተገለበጠበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጋር ዝምድና ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም ቀኑ እንዳይጠፋ የሚፈልግ ሰው ከሹቲል ሞጁል ኮፒ ከሚለው ይልቅ ኮፒ2 የሚለውን ትእዛዝ ቢጠቀም ይጠበቅለታል።

ስሞቹ መልክ ከያዙ በኋላ ማንቀሳቀሱ ይቀራል። ሰርቨራችን ሊኑክስ፣ የቢሮ ኮምፒዩተሮቻችን ዊንዶውስ ስለሆኑ የሁለቱን ልዩነት ማወቅ ነበረብኝ። ስም የሚለውጠው ሪኔም የሚባለው ትእዛዝ በመድረሻው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ቢያገኝ በዊንዶውስ ይቃወማል፣ በሊኑክስ ግን የነበረውን ፋይል ድምፁን ሳያሰማ ይተካዋል። የሹቲሉ ሙቭም የነበረውን ሊደመስሰው ይችላል። ከሁለት ወረዳ የመጡ ሁለት ፋይሎች «ሪፖርት» ተብለው መሰየማቸው የማይቀር ነገር ስለሆነ፣ ይህን ለዕድል መተው አይቻልም። የእኔ ፕሮግራም አዲሱን ፋይል ሲጽፍ ኤክስ የሚባለውን የመክፈቻ ዓይነት ይጠቀማል፤ ይህ ፋይሉ አስቀድሞ ካለ አልጽፍም ብሎ ይቆማል፣ በሁለቱም ሲስተም ላይም አንድ ዓይነት ነው።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ዙር ምንም አያንቀሳቅስም። ከየት ተነሥቶ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር ጽፎ ሰንጠረዥ ያወጣል፣ ሰንጠረዡን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በኤክሴል ከፍተው ያዩታል፣ ሁለተኛው ዙር የሚሠራው እርሳቸው ባዩት ዝርዝር ብቻ ነው። ይህን ሰንጠረዥ ስትጽፉ የጽሑፍ ኮዱን፣ ማለትም ፊደሎቹ በፋይሉ ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበትን ስልት፣ ዩቲኤፍ-8-ሲግ አድርጉት፤ ተራውን ዩቲኤፍ-8 ከሆነ ኤክሴል ሲከፍተው አማርኛው ትርጉም የለሽ ምልክት ሊሆንባችሁ ይችላል። ኮዱን ጨርሶ ሳትጠቅሱ ከቀራችሁም በዊንዶውስ ላይ ብዙዎቹ የፓይተን እትሞች የኮምፒዩተሩን የቆየ ኮድ ስለሚጠቀሙ የመጀመሪያው የአማርኛ ፊደል ላይ ሲደርስ ሊቆም ይችላል።

መብራት በሚጠፋበት ቦታ የሚሠራ ሰው «ቁረጥና ለጥፍ» የሚለውን አካሄድ ይተወው። ከፍላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ የሚደረግ ማንቀሳቀስ በውስጡ መገልበጥና ማጥፋት ስለሆነ፣ ደህናው መንገድ ሁለቱን በግልጽ መለየት ነው፤ መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ቀጥሎ የሁለቱ ፋይሎች ሻ-256 አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ ሃሽሊብ በተባለው ሞጁል ተሰልቶ ይነጻጸራል፣ ዋናው የሚጠፋው ሁሉም ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ለብቻው ነው። ይኸው አሻራ ድግምጋሚ ፋይሎችንም ለመለየት ይጠቅማል፤ ያው ደብዳቤ በፍላሽም በቴሌግራምም ሲመጣ ስሙ ቢለያይም አሻራው አንድ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ግን ስሙንም ጥራቱንም ስለሚያጣ አሻራው አይገጥምም፤ ለወረዳዎቹ «እንደ ፋይል ላኩልን» ማለት ይህን ያስቀራል።

የስም ርዝመትም በፊደላችን የተለየ መልክ አለው። በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት4 የተባለው የፋይል አቀማመጥ ስልት የፋይል ስምን በ255 ባይት (ባይት የኮምፒዩተር መረጃ መለኪያ ነው) ይገድባል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ይህ ማለት 85 ፊደል ብቻ ነው። የደብዳቤውን ርእሰ ጉዳይ ከ«ጉዳዩ» እስከ «ይመለከታል» ድረስ የፋይል ስም የሚያደርግ ጸሐፊ በየወረዳው አለ። ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ፋይል ወደ ሰርቨሩ ሲላክ ስሙ ረዘመ ተብሎ ይመለሳል። ስሙን በፊደል ቁጥር ሳይሆን በባይት ለክቶ የሚያሳጥር፣ ቀኑንና የደብዳቤ ቁጥሩን ከፊት አድርጎ ከጉዳዩ ላይ የሚቀንስ መስመር መጨመር ያስፈልጋል።

ፍላሽ ላይ የሚመጡት ሁሉ ሰነዶች አይደሉም። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ ፋይል የሚያስቀምጠው ቫይረስ ዛሬም በየቢሮው ይዞራል፤ ፕሮግራሙ በተፈቀደው የፋይል ዓይነት ዝርዝር ብቻ ስለሚሠራ አቋራጮቹን ያልፋቸዋል፣ የተደበቁትንም ፎልደሮች ከነውስጣቸው ያገኛቸዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽ ነው።

በመጨረሻ ባዶ ፎልደሮች ይቀራሉ። የሹቲሉ አርኤምትሪ ፎልደርን ከነውስጡ ያጠፋል፣ ያጠፋውም ወደ ሪሳይክል ቢን አይሄድም፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ ያለው አይመስለኝም። አርኤምዲር ግን ባዶ ያልሆነን ፎልደር አላጠፋም ስለሚል፣ ከታችኛው ፎልደር ጀምሮ ወደ ላይ እንዲወጣ ሆኖ ፎልደሮችን አንድ በአንድ ከሚያዳርሰው ኦኤስ ዋክ ከሚባለው ትእዛዝ ጋር ሲጣመር ባዶውን ብቻ ለቅሞ ያነሣል። እምቢ ባለበት ቦታ ፎልደሩ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዊንዶውስ ራሱ የፈጠረው የተደበቀ የምስል ማስታወሻ ፋይል ነው፤ አንዳንዴ ግን በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ ዓይነት ያለው ሰነድ ይገኛል፣ ያን ጊዜ ዓይነቱ በዝርዝሩ ላይ ተጨምሮ ፕሮግራሙ እንደገና ከመጀመሪያው ዙር ይነሣል።